ለሽማግሌዎች ጆሮ የነደደ ሞተር

እንቁላል ነው የሸተተኝ፤ የበሰበሰ እንቁላል። መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ሲያወልቀው ከውስጥ የተነሳው ሽታ ዛሬም ትዝ ሲለኝ አፌ ውሃ ይሞላል፣ ሊያስመልሰኝ ይቃጣል። መኪናችንን ተከራይቶ ይነዳ የነበረው ሰውዬ ራዲያተሩ ባፈሰሰ ቁጥር አስበይዶ ከመገላገል ይልቅ ጥሬ እንቁላል ሲሰብርበት ኖሯል ለካ! የፈላው ውሃ እንቁላሉን ያረጋውና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው የቆየ ዘዴ ነው። የኛ ጀግና ግን የአንድ ቀኑን ዘዴ ቋሚ ሕክምና አደረገው። እንቁላሉ አልይዝ ሲለው ዱቄት፣ ዱቄቱ አልይዝ ሲለው እርድ ጨምሮበታል። የወጣው ነገር ቢጫም ቡናማም ያልሆነ፣ እንደ ንፍጥ የሚሳብ ዝልግልግ ነበር። መካኒኩ በሽቦ እየጎተተ አወጣውና ደጃችን ላይ ዘረገፈው። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ለመጠጥ ካስቀመጥኩት ጀሪካን ቀንሼ ነው ደጁን ያጠብኩት። እያጠብኩ እረግማለሁ፣ እየረገምኩ አጥባለሁ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ የፈረንሳይ ታክሲ። ሐረር ውስጥ የእሷ እኩዮች እየተመናመኑ ሄደው ከተማውን ባጃጅ ወርሶታል። አባቴ ከሸዋ በር እስከ ሐኪም ጋራ ሰው ሲያመላልሱባት ኖረው እኛን አሳድገውባታል። ግራ ጎናቸውን ስትሮክ ሲመታቸው ነው ለሰው ያከራየናት። ያኔ አልጋ ላይ እንዳሉ፣ አንደበታቸው ተሳስሮ፣ ከእኔ በቀር ሰው በማይሰማው ድምፅ ተሳሉ። "ቁሉቢ ገብርኤል፣ ዳግመኛ በእግሬ ካቆምከኝ በገዛ መኪናዬ ደጅህን እስማለሁ" አሉ። ቆሙም። በከዘራም ቢሆን ቆሙ፤ አንደበታቸውም ተፈታ።

ስለት ቀልድ አይደለም። አባቴ መሞትን አይፈሩም ነበር፤ ስለታቸውን ሳያደርሱ መሞትን ግን ይፈሩ ነበር። "የሰው እዳ በልጅ ይከፈላል፣ የመልአክን ማን ይከፍልልኛል?" ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ታኅሣሥ ሲገባ መኪናዋን ከተከራዩ ላይ ነጠቅሁ። መንዳት ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ የምነዳው እኔ፣ አጠገቤ የሚቀመጡት እሳቸው፤ በሐረማያ አድርገን ቀስ እያልን ለበዓሉ እንደርሳለን ብዬ ቃል ገባሁ። ነጭ ልብሳቸውን ገና ሳምንት ሲቀረው አሳጥበው ሰቀሉ። ሊድር እንደተዘጋጀ አባወራ ነበር ደስታቸው።

መካኒኩ የጀጎል ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ይህን አልክድም፤ ለእንዲህ አይነቶቹ መኪኖች ከእሱ ወዲያ ሰው የለም። መኪናዋ መንቀሳቀስ ስላልቻለች ሰፈራችን አቦከር ድረስ፣ እኛ በር ላይ መጥቶ ነው የሚሠራው። ያን የበሰበሰ ራዲያተር ነቅሎ በባጃጅ ጀጎል ውስጥ ወዳለው ገበያ፣ ወደ ጊደር መጋላ፣ ለበያጅ ላከው። እንግዲህ ተበይዶ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። ቁጭ ማለት ግን ማን ይወዳል! ሞተሩ ውስጥ ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ነበረ፤ እሱ ነገር መካኒኩን በላው። ድምፁ ውሃውን ከሚገፋው ፓምፕ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፓምፑ ተቀይሮ ያልቃል። ከሞተሩ ሆድ ከሆነ ግን እንኳን ቁሉቢ ሐረማያም አንደርስም።

"ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ አውልቄ ላስነሳት" አለኝ። "ድምፁ ከጠፋ ፓምፑ ነው። ካልጠፋ ሞተሩ ነው።"

"ያለ ውሃ?"

"ያለ ውሃ። ሞተሩ እንደሆነ ቀዝቃዛ ነው። ፋቲሃ አንዴ እስኪቀራ ድረስ፣ ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ፣ ቢሠራ ምንም አይለውም።"

"ከዚያ በላይስ?"

"ከዚያ በላይማ ሐራም ነው" አለና ሳቀ። ከምሳ በኋላ ስለነበር ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፤ ሲስቅ አረንጓዴ አረፋ በከንፈሩ ጥግ ወጣ። ፊቴን አዞርኩ። ቢሆንም ነገሩ ትክክል ነው፤ አባቴም ድሮ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። አስነስቶ፣ ሰምቶ፣ ወዲያው ማጥፋት ነው። ያለ ውሃ የሚሠራ ሞተር ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚህች መኪና ቁልፍ ከተበላሸ ቆይቷል። የምትነሳው ኮፈኑ ሥር ባለ ሽቦ ነው፤ የምትጠፋውም ያው ሽቦ ሲነቀል ነው። ማጥፋት የፈለገ ሰው ሞተሩ ላይ ማጎንበስ አለበት።

ቺንጋውን አወለቀና ሽቦውን አገናኘው። ተነሳች። አቤት ደስታ! ኳኳታው የለም! ሞተሩ እንደ ልጃገረድ ለስላሳ ድምፅ ያወጣል። መካኒኩ ቀና ብሎ "ፓምፑ ነው! አልሐምዱሊላህ፣ ፓምፑ ነው!" አለ። እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝም። "በል አጥፋት" አልኩት። እጁን ወደ ሽቦው ሰደደ።

ልክ ያኔ ሐጂ ደረሱ።

ሐጂ የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ጊደር መጋላ ውስጥ ቅመም ሲነግዱ ኖረው ሱቁን ለልጆቻቸው የለቀቁ የጀጎል ሽማግሌ። አባቴ ከታመሙ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ሳያጫውቷቸው የዋሉበት ቀን የለም። እወዳቸዋለሁ፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ከባጃጁ ወርደው ኮፍያቸውን እያስተካከሉ "ምን ተገኘ?" አሉ።

"ሐጂ! ይምጡ፣ ይስሙት!" አለ መካኒኩ፤ እጁን ከሽቦው መለሰ። "ኳኳታው ጠፍቷል!"

እኛ አገር ደግ ነገር ለብቻ አይሰማም። ትልቅ ሰው መጥቶ ሳለ፣ ታናሽ የምሥራቹን ብቻውን ሰምቶ "አበቃ" ብሎ አይዘጋም፤ ነውር ነው። ለምግብ እንደምንጠራራ፣ በር ላይ "ይግቡ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" እንደምንባባል ሁሉ ሞተርም እንደዚያ እንደሚሰማ ያን ቀን አየሁ። ሐጂ ከዘራቸውን ለመካኒኩ ሰጡ፣ ቀስ ብለው አጎነበሱ፣ ጆሯቸውን አዘነበሉ። "ሱብሃነላህ" አሉ። "ይህ እኮ የጥንት ሥራ ነው።" ከዚያ ቀና ይላሉ ስል፣ በሌላኛው ጆሯቸው መስማት ጀመሩ።

"ሐጂ፣ ውሃ የላትም እኮ" አልኩ።

"ትሰማለች፣ ልጄ፣ ትሰማለች" አሉኝ። ምን እንደሰሙኝ አላውቅም።

የጎረቤታችን የሻምበል በር ተከፈተ። ሻምበል ጡረታ የወጡ፣ በማንኛውም ነገር ላይ አስተያየት የማያጡ ሰው ናቸው። ሞተር ሲነሳ ሰምተው እንዴት ይቀሩ! ጋቢያቸውን እየጎተቱ ደረሱ። ሐጂም እንዳዩዋቸው ቀና አሉና ቦታ ለቀቁ።

"ሻምበል ይስሙት።"

"ኧረ ሐጂ ይጨርሱ።"

"እኔማ ሰምቻለሁ። ይቅደሙ፣ በአላህ።"

"ኧረ በሞቴ! እርስዎ ቆመው?"

ይህንን ሲባባሉ ያቺ ፋቲሃ ተቀርታ፣ ሌላ ፋቲሃ ተቀርታ፣ ሦስተኛው ተጀምሯል። እኔ በዙሪያቸው እንደ ጫጩት እናት እሽከረከራለሁ። ሽቦው እታች ነው፤ ሁለት የሽማግሌ ራስ ከላዩ ላይ ነው። ሽማግሌን በክርኔ ገፍቼ እንዳልፍ አላሳደጉኝም። መካኒኩን በዓይኔ ጠቀስኩት፤ ዓይኑን ሰበረ። የሐጂን ከዘራ ታቅፎ እንደ አሽከር ቆሟል። ይህ ሰው፣ መጥፎ ብሎን ሲያይ የሚጮኸው ሰው፣ አሁን ትንፍሽ አይልም። በዚያች ቅጽበት እንደዚያ ሰው የጠላሁት ፍጡር የለም።

"አጥፋት!" አልኩት ጮክ ብዬ።

"አቦ ተይ፣ ሻምበል እየሰሙ ነው" አለኝ በሹክሹክታ።

ሻምበል እየሰሙ ነው! ሻምበል መስማት ብቻ መች ይበቃቸዋል? ጦር ሜዳ ላይ የነበረ የጭነት መኪና ታሪክ ጀመሩ። ከሞተሩ የሚወጣው ትንፋሽ ፊታቸውን እያቀላው፣ ላባቸው በአፍንጫቸው ላይ እየወረደ፣ አንዲት ጠብታ ብረቱ ላይ ወድቃ ጭስ ብላ ስትጠፋ እያየሁ፣ እሳቸው ያወራሉ። መጀመሪያ የጋለ ብረት ሸተተ። ቀጥሎ ከብረቱ ላይ የቆየ ቅባት መጥበስ ጀመረ፤ ያ ተከራይ ዓመት ሙሉ ያልጠረገው፣ አቧራ የጠጣ፣ የከረመ ጭቅቅት። የእንቁላሉ ርዝራዥም ተጨመረበትና ሽታው ቄራ ውስጥ የተረሳ ድስት መሰለ። ሐጂ አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሻምበልም ሳል ያዛቸውና በሳሉ መሀል ታሪካቸውን ቀጠሉ። ሁሉም ሸቷቸዋል፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሁሉም ዝም ብሏል።

"ጥሩ ነው" አሉ ሻምበል በመጨረሻ፤ ቀና አሉ። ተመስገን ብዬ እጄን ሰደድኩ።

ሐጂ ግን እጄን ያዙኝ። "ባለቤቱስ? ሰውየው ሳይሰማ አይጠፋም!"

"ሐጂ፣ እባክዎ! ትጥፋና እሳቸው ሲመጡ ትነሳለች!"

"ባትሪው ደክሟል፤ ዳግመኛ ላትነሳ ትችላለች" አለ መካኒኩ። አያችሁ? ለዚህ ጊዜ አፍ አለው!

ሻምበል ሊጠሯቸው ገቡ። አባቴ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ብድግ ብለው የሚመጡ አይደሉም። ጋቢያቸው መልበስ አለበት፣ ጫማቸው መገኘት አለበት፣ ግራ እግራቸው ከቀኙ ኋላ እየተጎተተ ግቢውን ማቋረጥ አለበት። ያን ሁሉ ጊዜ ያቺ መኪና ያለ ጠብታ ውሃ ትነድዳለች። ድምፁ ተለወጠ፤ በልስላሴው ቦታ ድርቅ ያለ ነገር ገባ፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው። የሞተሩ ቀለም እየተቆረፈደ መጨስ ጀመረ። መካኒኩ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ያ ጉንጩን የወጠረው ጫት እንኳ ቆሟል፣ ማኘኩን ረስቶታል። ያውቃል! ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ታዲያ አባቴ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሮጦ ክንዳቸውን ደገፋቸው። "ቀስ ይበሉ አባታችን፣ ቀስ" አላቸው። ቀስ! እንትፍ!

አባቴ ደረሱ። ሐጂ እጃቸውን ያዙና "ላንተ ብለን ነው ያቆየናት" አሏቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ደግፈው አጎነበሷቸው። የአባቴ ጆሮ ከድሮም ደከም ያለ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ሰሙ፤ ከጭሱ መሀል ፈገግ አሉ። "ደህና ናት" አሉ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። በሐጂና በአባቴ ትከሻ መሀል ክንዴን አስገብቼ ሽቦውን ያዝኩና መነጨቅሁት። ክንዴ ከብረቱ ጋር ተጣበቀ፤ የራሴ ሥጋ ሲጠበስ ሸተተኝ። ጉዱ ግን አላለቀም። ሽቦው በእጄ ላይ ነው፣ ሞተሩ ግን አልጠፋም! ከመጋሉ የተነሳ ያለ ሽቦ፣ ያለ ምንም፣ በራሱ ግለት እየነደደ ይንገጫገጫል። አምስታችንም ቆመን እናየዋለን፤ የሚያጠፋው ነገር የለም። ከዚያ እንደሚታረድ በሬ አጓርቶ፣ መላው መኪና አንዴ ተንቀጥቅጦ፣ ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የተናገሩት አባቴ ናቸው፤ የተናገሩትም ለእኔ ነው።

"ምነው ልጄ! ሐጂ ፊት? ሰው እየሰማ ይጎተታል? ምን አይነት ጥድፊያ ነው?"

ክንዴ ላይ ቆዳዬ ተልጦ ቆሜ፣ በሰፈር ፊት የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ባለጌዋ እኔ ሆንኩ።

ብረቱ ሲቀዘቅዝ መካኒኩ ትልቁን መፍቻ አስገብቶ ሞተሩን በእጅ ሊያዞር ታገለ። ዘወር አልልም አለው። ሰውነቱን ሁሉ ጣለበት፤ ንቅንቅ የለም። ውስጡ ቀልጦ ተጣብቋል። ይህን ማዳን መጠገን አይባልም፣ ሌላ ሞተር መፈለግ ነው፤ የዚህች መኪና ሞተር ደግሞ ለበዓሉ በቀሩት ቀናት የትም አይገኝም። መካኒኩ እጁን እየጠረገ "ቀኗ ደርሶ ነው" አለኝ። "የአላህ ቁድራ ነው" አለ። ሻምበል ደግሞ "እኔማ ገና ስደርስ ልናገር ብዬ ነበር" ብለው ዐረፉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ልናገር ብዬ ነበር! ሂዱ ከፊቴ፣ ከነጭሳችሁ ሂዱ አልኩ፤ በሆዴ ነው ያልኩት፣ ምን ላድርግ። በአፌ "ይግቡና ውሃ ይጠጡ" ነው ያልኳቸው። እንዲህ ስል ራሴንም ተጸየፍኩት።

አማራጭ ጠፍቶ አይደለም። ሐጂ የልጃቸውን መኪና ከነሾፌሩ አቀረቡ። እኔም ሚኒባስ እንያዝ አልኩ። አባቴ አሻፈረኝ አሉ። "በገዛ መኪናዬ ነው ያልኩት። ገብርኤልን ልሸውደው?" አሉኝ። ነጩ ልብስ እንደተሰቀለ ቀረ። እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ቀነሱ፤ ማታ ማታ ሲገላበጡ እሰማለሁ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት መኪናው ሁሉ ጡሩንባ እየነፋ ወደ ቁሉቢ ወጣ። የኛዋ በር ላይ ቆማ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ዝንብ ያንን የደረቀ ጭቅቅት ይልሳል። ከሰዓት በኋላ ሐጂ እንደ ልማዳቸው መጡ። የዚያን ቀን ግን ጨዋታ አልነበራቸውም። አባቴ አጠገብ እንደተቀመጡ "ወላሂ እንቅልፍ አጥቻለሁ" አሉ። "እውነቱን ንገረኝ፤ እኛ ነን እንዴ መኪናህን የገደልናት? እኔ ነኝ እንዴ ትቆይ ያልኩት?"

ልቤ ደስ አለው። በሉ አባባ፣ አሁን ንገሯቸው አልኩ በሆዴ። ሰውየው ራሱ በራሱ አንገት ላይ ገመዱን አስገብቶ ሰጥቷል።

"ኧረ በፍጹም!" አሉ አባቴ። "ምን ሆነሃል አንተ? አርጅታ ነው እንጂ። ከድሮም አልቆላት ነበር።"

ሐጂ ከደረታቸው ላይ ድንጋይ የተነሳላቸው ያህል በራ አሉ። "አስተግፊሩላህ፣ ተጨንቄ ነበር" አሉ፤ የቀረበላቸውን ሻይ ጠጡ፣ ቀልድም ቀለዱ፣ መርቀውን ወጡ። እኔ እስከ በር ሸኝቼ ወደ አባቴ ተመለስኩ።

"ምን ነካዎት አባባ? ምን ብለው ነው የሚዋሹላቸው? አቃጥለዋት እኮ ነው! እርስዎ አልሰሙም እንጂ እየነደደች ነበር!"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"እየነደደች እንደነበር። ያን ቀን ሻምበል ሊጠራኝ ሲገባ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልነሳ ሸቶኛል። የደከመው ጆሮዬ ነው፤ አፍንጫዬ ምን ሆነ? ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሳሸት የኖርኩ ሰው ነኝ።"

ያ ጭስ ውስጥ የነበረው ፈገግታቸው መጣብኝ። "ታዲያ ምነው አጥፉት አላሉም? አንዲት ቃል እኮ ነው!"

"እንዴት ብዬ? እኔን ብለው አቆይተዋት፣ ሐጂ እጄን ይዞ 'ላንተ ብለን ነው' እያለኝ፣ በሰው ፊት 'አቃጠላችኋት' ልበለው?"

"ስለትዎስ? ገብርኤልስ?"

አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። "ገብርኤል አይቀየመኝም፤ ሐጂ ግን ይቀየማል" አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን ፊታቸውን ግድግዳው ላይ ካለው ከመልአኩ ሥዕል አዙረው ነበር።